ሁለተኛዋ አንባቢ

ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ መልስ፣ በቤተ ክርስቲያኑ የጎን አዳራሽ ውስጥ አሥራ ሁለት ወንበር በክብ ይደረደራል። ጸሎቱን የሚመሩት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ ሁሉም እማማ ይሏቸዋል። እማማ አንድ የማይነቃነቅ ደንብ አላቸው። ከጸሎት በፊት እያንዳንዱ ሰው ከሳምንቱ አንድ ነገር ጠቅሶ ያመሰግናል፣ ያውም በዓይኑ ያየውን። «ስለ ሁሉም ነገር ተመስገን» ብሎ ቁጭ ማለት የለም። አንድ ጊዜ ጸጉር አስተካካዩ እንዲያ ብሎ ሊቀመጥ ሲል፣ «ሁሉንም አይተኸዋል እንዴ ልጄ? እኛ የጠየቅንህ ያየኸውን ነው» ብለው መልሰው አስነሥተውታል።

ሚዛን ይህን ደንብ ትወደው ነበር። ሳቂታ እስክትመጣ ድረስ።

ሚዛን የወጣላት ስም ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ላቦራቶሪ ስትሠራ አንድ ጠብታ አዛብታ አታውቅም ተብሎ ባልደረቦቿ ያወጡላት ስም ነው፤ እሷም እንደማትወደው ሰው እየተቆጣች በሆዷ ግን ትኮራበታለች። ሳቂታ ደግሞ ከሦስት ዓመት በፊት እዚያው ላቦራቶሪ የተቀጠረች፣ በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት የምታንሳት የሥራ ጓደኛዋ ናት። ወደ ማክሰኞው ጸሎትም ያመጣቻት ራሷ ሚዛን ነበረች። ሰው እሾኹን በገዛ እጁ ይተክላል ማለት ይሄ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ እንዲህ ሆነ። ተራው ሚዛን ጋ ደረሰና ተነሥታ፣ «በዚህ ሳምንት የቤቴ ጣሪያ አላፈሰሰም፤ ስለዚህ አመሰግናለሁ» አለች።

«ዝናብ መች ዘነበና እትዬ!» አለ ጸጉር አስተካካዩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ክፋት የሌለበት ሳቅ ነበር። ቢሆንም ሳቅ ሳቅ ነው።

ቀጥሎ ሳቂታ ተነሣች። ባሏ ከስምንት ወር በፊት ደም ጭንቅላቱ ውስጥ ፈስሶ ከአልጋ ውሏል። «ባለቤቴ ሐሙስ ዕለት የግራ እጁን ትንሽ ጣት አንቀሳቀሰ» አለች። «ሁለት ጊዜ። ሦስተኛውን አያለሁ ብዬ አፍጥጬ ስጠብቅ፣ እሱ ለካ እንቅልፍ ወስዶት እያንኮራፋ ነው!» እያሳቀች አስለቀሰቻቸው። እማማ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ጸጉር አስተካካዩም አፉን ዘጋ።

ሚዛን ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች አንጀቷ ቅጥል አለ። እሷ ነገርን ሳትመረምር የማትለቅ ሴት ናትና ቅናቷንም መረመረችው። በባሏ ልትቀና አትችልም፤ ሰውየው ራሱን ችሎ አይገላበጥም። በቤቷም አይደለም፤ ሁለት ጠባብ ክፍል ነው። በመልኳም፣ በልብሷም፣ በትምህርቷም አይደለም። የሚቀረው አንድ ነበር፤ በምስጋናዋ ነበር የምትቀናው። የሚዛን ባል ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ልጇ ሩቅ አገር አግብታ በወር አንዴ ትደውላለች፣ ያውም እየቸኮለች። በእነዚያ አራት ዓመታት ማክሰኞ ማክሰኞ ያመሰገነችው ሁሉ ጣሪያ፣ ጉልበት፣ በጊዜ የመጣ አውቶቡስ ነበር። ከአፏ የሚወጣው ቃል ደረቅ ነው። ከሳቂታ አፍ ሲወጣ ግን አንድ ጣት እንኳ ሕይወት ይዘራል። «እንዴት አንድ ቃል እሷ ጋ ሲሆን እንዲህ ይሆናል?» አለች በልቧ፤ መልሱን ግን አልፈለገችውም። የፈለገችው አንድ ቀን፣ አንድ ማክሰኞ፣ ሳቂታ ተነሥታ የምትለው አጥታ ስትቀመጥ ማየት ነበር።

የሁለቱ ሥራ አንድ ነው፤ የሚያስሉ ሰዎችን አክታ በማይክሮስኮፕ አይቶ የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ አለ ወይም የለም ማለት። አክታው በስላይድ መስታወት ላይ በስሱ ይቀባል፣ በቀይ ቀለም ይነከራል፣ በአሲድ ይታጠባል፣ መልሶ በሰማያዊ ይቀባል። ተሕዋሱ እልኸኛ ነው፤ የያዘውን ቀይ አይለቅም። ሌላው ሁሉ ይለቅና ሰማያዊ ይሆናል። እናም አንባቢዋ በሰማያዊ ሜዳ ላይ የወደቀ ቀጭን ቀይ ዘንግ ትፈልጋለች። በማይክሮስኮፑ በአንድ ጊዜ የሚታየውን ክብ ቦታ መስክ ይሉታል። «አለ» ለማለት ጥቂት መስክ ሊበቃ ይችላል። «የለም» ለማለት ግን መቶ መስክ ማየት ግዴታ ነው።

እያንዳንዱን ስላይድ ሁለቱም ያነቡታል። መጀመሪያ ሳቂታ፣ ቀጥሎ ሚዛን። አንዷ የሌላዋን ውጤት ሳታውቅ በየግሏ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፋ የተቆለፈች ሣጥን ውስጥ ትጨምራለች፤ ከሰዓት በኋላ አለቃው ከፍቶ ያስተያያል። ነገሩ ሁሉ የቆመው በዚህ አለማወቅ ላይ ነው።

ሳቂታ ግን አንድ አመል ነበራት። መቶውን መስክ አይታ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ፣ ማንነቱን ስለማታውቀው ሰው ከትንፋሽ በማይበልጥ ድምፅ «ተመስገን» ትላለች።

«እየሰማሁሽ ነው» ትላታለች ሚዛን።

«ምን አልኩ?»

«ተመስገን አልሽ። እኔ ገና አላነበብኩትም። ውጤቱን ነገርሽኝ ማለት እኮ ነው።»

«ውይ በሞትኩት! አመል ሆኖብኝ ነው እትዬ። ከዛሬ ጀምሮ በሆዴ እላለሁ።»

ሁለት ቀን በሆዷ ትላለች፤ በሦስተኛው ትረሳለች። ሚዛን ይህን ለአለቃው መናገር ነበረባት። አልተናገረችም። መጀመሪያ ዝም ያለችው ከደግነት ነበር። እየቆየ ግን ደግነቱ መልኩን ለወጠ፤ አንድ ቀን ይጠቅመኛል ብሎ ሰው ኪሱ ውስጥ እንደሚያስቀምጠው ነገር ሆነ።

በዚህ መሀል አለቃው ሁለቱንም ጠራቸው። ከሲታ፣ ነገር ማንዛዛት የማይወድ ሽማግሌ ነው። «በወሩ መጨረሻ አዲስ ማሽን ይመጣል» አላቸው። «አብዛኛውን ሥራ እሱ ይሠራዋል። ለማይክሮስኮፕ አንድ አንባቢ ይበቃናል። አንዳችሁ ወደ መቀበያው መስኮት ትሄዳላችሁ። ደሞዝ አይነካም።»

«ማንኛችን?» አለች ሚዛን።

«የፊታችን ዓርብ ስም እሰጣለሁ። እስከዚያ ወረቀታችሁ ይናገር።»

መቀበያው መስኮት ማለት ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ የአክታ ዕቃ መቀበልና የውጤት ወረቀት ማደል ነው። በደረጃው ከአንባቢ በታች ነው። ባለሙያዋ በወሊድ ፈቃድ ስለወጣች ሰሞኑን አለቃው ራሱ እየሮጠ ይሸፍነው ነበር። ለሚዛን ያ ወንበር የቀራት ነገር ነው። ቤቷ ማንም አይጠብቃትም፤ ወንበሯ ግን በቁመቷ ልክ ተስተካክሎ፣ ማይክሮስኮፑም በዓይኗ ልክ ተቃኝቶ ይጠብቃታል። ለሳቂታ ደግሞ የምሳ ሰዓቱ ነበር። አንባቢ ምሳ ሰዓት ወጥታ ትመለሳለች፤ ሳቂታም በዚያች አንድ ሰዓት ቤቷ በርራ ባሏን ታገላብጣለች፣ ታበላለች፣ ጀርባው እንዳይቆስል ትቀባለች። የመስኮት ሠራተኛ ምሳ ሰዓት አትወጣም። ይህን ሚዛን ታውቅ ነበር። አውቃ ዝም አለች።

ሰኞ ጠዋት ነጭ ጋዋናቸውን ሲለብሱ፣ ሳቂታ አንድ እጅጌዋን ብቻ አጥልቃ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ዓይኗ አብጧል።

«አልተኛሽም?» አለቻት ሚዛን።

«ትላንት ትኩሳት ነበረው። አሁን ደህና ነው።»

«አንቺ ግን እንዴት ነው የምትችይው? እውነት ልጠይቅሽ። እኔ ብሆን የማመሰግንበት አንድ ነገር አላገኝም።»

«እኔም ሁልጊዜ አላገኝም እኮ። እስካገኝ እፈልጋለሁ። ደሞ ያ ሐዋርያ እስር ቤት ሆኖ፣ እግሩ በሰንሰለት ተጠፍሮ አመሰገነ አይደል? እኔ ቢያንስ እግሬ ይሄዳል።»

«እኔም ፈልጌያለሁ» አለች ሚዛን። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ሻከረ። «ባሌ ከሞተ ወዲህ እግዚአብሔር ለእኔ ያደረገው የለም።»

ሳቂታ ሁለተኛውን እጅጌዋን እያጠለቀች ፈገግ አለች። «ስንት መስክ አይተሽ ነው የለም ያልሽው፣ እትዬ?»

ቀልድ ነበር፤ ምናልባትም ከቀልድ ትንሽ የሚበልጥ። ሚዛን ግን ፊቷ ጋለ። ሃያ ሁለት ዓመት የኖረችበትን ደንብ የሦስት ዓመት ጀማሪ አንሥታ ፊቷ ላይ የወረወረችባት መሰላት። ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

ቁጥር 418 የመጣው በዚያ ሰዓት ነው። ሳቂታ አነበበችው፣ ወረቀቷን ጻፈች፣ ሣጥኑ ውስጥ ጨመረች። ስላይዱንም ወደ ሚዛን ስትገፋ ያቺው ትንፋሽ አመለጠቻት። «ተመስገን።»

ሚዛን ሰማች። እንደ ሌላው ጊዜ አልገሠጸቻትም። ስላይዱን አስገብታ አንዲት ጠብታ ዘይት አኖረችበትና ዓይኗን ደገነች። ሌላ ጊዜ ስላይድ ስታነብ ልቧ ባዶ ነው፤ የሚታየው ይታያል። ዛሬ ግን ከማየቷ በፊት ፈልጋ ነበር። እንቅልፍ ያጣች ሴት ናት፣ ዓይኗ አብጧል፣ አንድ ነገር አልፏት ይሆናል። ይለፋት! ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚባለውን ረስታው አይደለም፤ እሷ የፈለገችው ዘንዶውን ነበር።

ሠላሳ ስድስት መስክ ሰማያዊ ብቻ። በሠላሳ ሰባተኛው፣ ቅቡ ከሚያልቅበት ጠርዝ አጠገብ፣ አንድ ቀጭን ቀይ ዘንግ። እዚያው ጎን ሁለተኛ። ዝቅ ብሎ ሁለት።

ቀዩ ቀለም ደህና ሆኖ ካልተጣራ ደቃቅ ዝቃጭ ይተዋል፤ ዝቃጩም ጠርዝ ላይ ይሰበሰባል፣ ለችኩል ዓይን ተሕዋስ ይመስላል። መለያው ቀላል ነው። የማይክሮስኮፑን ትንሿን ቁልፍ እንደ ፀጉር በቀጠነ ልክ ማዞር ነው። ተሕዋሱ ከሴሎቹ ጋር አብሮ ይደበዝዛል፣ አብሮ ይጠራል። ዝቃጭ ግን ከላይ የተቀመጠ ነውና ለብቻው ይጠራል። ሚዛን ይህን ለስንት ተለማማጅ አስተምራለች። ጣቷም ቁልፉ ላይ ነበር።

አላዞረችውም።

«በመቶ መስክ አራት» ብላ ጻፈች፤ ፈረመች፤ ሣጥኑ ውስጥ ጨመረች። ከደረቷ እስከ ጆሮዋ የወጣው ሙቀት ምን እንደሆነ አላጣችውም። ደስታ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አለቃው ሣጥኑን ከፍቶ ጠራቸው። «በ418 አልተስማማችሁም» አለ። «አንዳችሁ ዜሮ፣ አንዳችሁ አራት።»

ሳቂታ ፊቷ አመድ መሰለ። «አራት? አለቃ፣ መልሼ ልየው?»

«ደንቡ አይፈቅድልሽም። ሦስተኛው አንባቢ እኔ ነኝ። ሰውየው ውጤቱን ሊወስድ ረቡዕ አምስት ሰዓት ይመጣል፤ ረቡዕ ጠዋት እወስናለሁ።»

ሳቂታ ከወጣች በኋላ ግን ሚዛንን አስቀራትና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምኑን እወስናለሁ! ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ይሄ ዓይኔ ቀይና ሰማያዊ በቅጡ አይለይልኝም። አንቺ አለ ካልሽ አለ ነው። የዓርቡም ነገር በዚሁ አለቀ። እሷ ደክማለች፤ ታሳዝነኛለች፣ ግን የሰው ሕይወት ነው።»

«አዎ፣ የሰው ሕይወት ነው» አለች ሚዛን።

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ሳቂታ እያንዳንዱን ስላይድ ሁለት ሁለት ጊዜ አነበበች። ተመስገን የሚል ትንፋሽ አልተሰማም። ሚዛን ይህን ጸጥታ ስትመኘው ኖራ ነበር፤ ሲመጣ ግን እንዳሰበችው አልጣፈጣትም። ስለ ቁልፉ ማሰብ ጀምራ ነበር። ቢሆንም ማታ ወደ ጸሎቱ ከሁሉም ቀድማ ደረሰች። እስቲ ዛሬ ምን ብላ ታመሰግናለች? ይህን ለማየት ከሳቂታ ፊት ለፊት ያለውን ወንበር መርጣ ተቀመጠች።

ተራው ሲደርስ ሳቂታ ተነሥታ የወንበሯን መደገፊያ ያዘች። የሰው ሁሉ ዓይን እሷ ላይ ነው። ሚዛን ትንፋሿን ያዘች።

«በዚህ ሳምንት ሥራ ላይ ተሳሳትኩ» አለች ሳቂታ። «የታመመን ሰው ጤነኛ ነህ ብዬ ልልከው ነበር። ቤቱ ሄዶ ልጆቹን ሊያስይዝ ይችል ነበር። ወንበሬንም ማጣቴ ነው፤ ምን እንደምሆን አላውቅም፣ ለዚያ ገና ማመስገን አልቻልኩም። ግን እህቴ አየችው። እኔ ያለፈኝን እሷ አየችው። እግዚአብሔር ከእኔ ኋላ እሷን ስላስቀመጠ አመሰግነዋለሁ። ይሄንን በዓይኔ አይቻለሁ።» ብላ በእጇ ወደ ሚዛን አመለከተች።

አሥራ አንዱም ዞረው ሚዛንን አዩ። እማማ ተነሥተው መጥተው ግንባሯን ሳሟት። «እሰይ የእኔ ልጅ!» አሉ። አራት ዓመት ሙሉ በዚያ ክብ ውስጥ የተመኘችው ዓይን ይኸው መጣላት። ሙሉውን ሰዓት አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች፤ ሰውም ትሕትና ነው አለ።

ረቡዕ ጠዋት ላቦራቶሪው ሲከፈት የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። የመጣሁት ለማረጋገጥ ነው ብላ ራሷን አታልላ፣ 418ን ከመደርደሪያው አወጣች። ሠላሳ ሰባተኛውን መስክ አገኘችው። ቀዩ ዘንግ እዚያው አለ። ትንሿን ቁልፍ በፀጉር ልክ አዞረች።

ሴሎቹ ደበዘዙ። ቀዩ ዘንግ ጠራ። ውሃ ላይ እንደ ወደቀ ስንጥር ከሁሉም በላይ ተንሳፍፎ ነበር። ሁለተኛውን አየች፤ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። አራቱም ዝቃጭ። ከዚያ ከአንድ ጀምራ መቶውን መስክ አነበበች። ምንም የለም። እንደገና ከሌላ ጫፍ ጀምራ መቶ አነበበች። ምንም የለም። ሳቂታ እንቅልፍ አጥታ፣ ዓይኗ አብጦ፣ በትክክል አይታ ነበር።

እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ ተቀመጠች። የሆነውን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አለቃው መጥቶ ይፈርማል። ስላይድ ደግሞ መስታወት ነው፤ መስታወት ከእጅ ይወድቃል፣ የወደቀ ስላይድ ሦስተኛ አንባቢ አያስፈልገውም። አንድ ሰው ስድስት ወር የማይገባውን መድኃኒት ይውጣል፣ ግን አይሞትም። ይህን ሁሉ በጥንቃቄ፣ እንደ ልማዷ በቅደም ተከተል አሰበችው። አስባ ስትጨርስ፣ ስላይዱ በሁለት ጣቷ መሀል ከጠረጴዛው ውጪ ተይዞ እንደነበር አየች።

«ጌታ ሆይ» አለችና የሚከተለውን አጣችው። ለሌላው ጸሎት ቃል አያጥርም፤ «ባልደረባዬን ልጥላት ነው፣ ደስ ብሎኛል» ለሚለው ግን የተዘጋጀ ቃል አልነበራትም። እናም ጸሎቱን እንደ ውጤት ወረቀት ነገረችው። «ቀናሁ። ያየሁት የፈለግሁትን ነው። አሁንም ወንበሩን እፈልገዋለሁ።» ሦስቱም እውነት ነበሩ። ስላይዱን መልሳ ጠረጴዛው ላይ፣ ከጠርዙ ራቅ አድርጋ አኖረችው።

አለቃው ሦስት ሰዓት ላይ ኮቱን ሳያወልቅ ገባ። ቅጹን አወጣ፣ ብዕሩን ከፈተ። «እሺ፣ 418። አራት ነው ያልሽው?»

«አይፈርሙ፣ ጋሼ።»

«ምነው?»

«ዜሮ ነው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩ። ያየሁት የቀለም ዝቃጭ ነው፤ ቁልፉን አላዞርኩም።»

አለቃው ብዕሩን እንደያዘ አያት። «አንቺ? ቁልፉን ሳታዞሪ?»

«አዎ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያላደረግሽውን ሰኞ ምን አገኘሽና?»

«ቀንቼ ነው» አለች። «ዜሮ ማለቷን ቀድሜ ሰምቻለሁ። ስህተት እንድትሠራ ፈልጌ ነበርና ስህተት አገኘሁላት። እርስዎ ማየት ካልቻሉ ስላይዱ ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ይላክ፤ ዜሮ ነው የሚሉት።»

አለቃው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። የአንድ ሰው ልብ በሥራ ሰዓት ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ አይመስልም። ቅጹን ገልብጦ አየው። «እዚህ ላይ ቅናት የሚል ሣጥን የለም» አለ በመጨረሻ።

«የንባብ ስህተት ብለው ይጻፉት።»

ጻፈው። ሳቂታን ጠርቶ፣ እሷም እንደገና ካየችው በኋላ፣ ከጎረቤት ሆስፒታል የመጣ ባለሙያም አይቶ ዜሮ ካለ በኋላ ፈረመ። ከዚያ ሚዛንን ሳያይ፣ «መስኮቱ ሰው የለውም። ዓርብ ድረስ መጠበቅ አያስፈልግም» አለ።

«አያስፈልግም» አለች እሷም።

ለሳቂታ ራሷ ነገረቻት፤ በጋዋኖቹ መስቀያ አጠገብ፣ ለአለቃው በተናገረችው ቃል፣ ሳትቀንስ። ሳቂታ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። አልሳቀችም።

«ምሳ ሰዓት ማን ሊያገላብጠው ነበር?» አለች።

«ማንም።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ትላንት በሰው ፊት አመሰገንኩሽ እኮ! እማማ ሳሙሽ!» ድምፅዋ ተሰበረ። «ሌሊት ሳልተኛ ያደርኩት የማን ልጆች በእኔ ጦስ ይታመማሉ እያልኩ ነው። አንቺ ግን…»

«አውቃለሁ።»

«አውቃለሁ አትበይኝ! የሰጠሁትን ምስጋና መልሺ አልልሽም፤ ለእግዚአብሔር ነው የሰጠሁት፣ የሚያደርገውን እሱ ያውቃል። ይቅር በይኝ እንዳትዪኝ ብቻ፣ ዛሬ አትበይኝ። ዛሬ ላይሽ አልችልም፣ እትዬ።»

እትዬ ማለቷን አልተወችም። ሚዛን ይህን ልብ አለች፤ የማይገባትን ነገር እንዳነሣ ሰው ደንግጣ ወጣች።

መስኮቱ በአንድ በኩል ወደ ላቦራቶሪው፣ በሌላው በኩል ወደ መጠበቂያው አዳራሽ ይከፈታል። ከፊቷ የሚያስል፣ የሚተክዝ፣ ተራ የሚሻማ ሰው ተሰልፏል። ሃያ ሁለት ዓመት አክታቸውን ስታነብ ኖራለች፤ ፊታቸውን ግን አይታ አታውቅም ማለት ይቻላል። አምስት ሰዓት ላይ ሲሚንቶ ጫማው ላይ የደረቀበት ግንበኛ ቀረበ። ከኋላው ሚስቱ ሕፃን ታቅፋ፣ ከእሱ ሦስት እርምጃ ርቃ ቆማለች፤ ልጁን ከትንፋሹ ለማራቅ እንደሆነ ያስታውቃል።

«ቁጥር?»

«አራት መቶ አሥራ ስምንት።»

ሚዛን ወረቀቱን ሰጠችው። እጇ መስኮቱ ላይ ትንሽ ቆየ። ግንበኛው ወረቀቱን አዘቅዝቆ፣ አቅንቶ አየው። «ዜሮ ይላል። ዜሮ ማለት ምንድን ነው?»

«የለም ማለት ነው።»

«ምኑ?»

«በሽታው። ሳንባህ ነቀርሳ የለበትም። ሳሉ ሌላ ነገር ነው፤ ወደ ሐኪሙ ተመለስ፣ ሌላ መድኃኒት ያዝልሃል። ሲሚንቶ ስታቦካ አፍና አፍንጫህን ሸፍን።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሦስት ሰው አይቶታል» አለች። «አንዷ እኔ ነኝ። ሁለት መቶ ቦታ ላይ ፈልጌ አጥቼዋለሁ።»

ሰውየው ዞሮ ወረቀቱን ለሚስቱ ከሩቅ አወዛወዘላት። «ዜሮ አገኘሁ!» አላት። «ትምህርት ቤት ዜሮ ባመጣሁ ቁጥር አባቴ ይገርፈኝ ነበር፤ ዛሬ ቢያይ!» ሚስቱ ሦስቱን እርምጃ በአንድ ጊዜ መጣች። ሕፃኑን ደረቱ ላይ ለጠፈችለት። ግንበኛው ወር ሙሉ ያላቀፈውን ልጅ በዚያ በሲሚንቶ እጁ ያዘው፤ ምን እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት ጭንቅላቱን አሸተተው።

ሚዛን ይህን አየች። በማይክሮስኮፕ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ አንድ እርምጃ ከፊቷ፣ ያለ ዘይት፣ ያለ ቀለም ነበር። ዛሬ ጠዋት እጇ ትንሽ ቢፈታ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር፤ ሴትየዋም ገና ሦስት እርምጃ ርቃ ትቆም ነበር።

ከኋላዋ፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ የእሷ ወንበር ሲጢጥ ሲል ተሰማት። ሳቂታ በቁመቷ ልክ እያስተካከለችው ነው። ያ የሚቃጠለው ነገር መልሶ ከሆዷ ተነሣ፤ ከጠዋቱ ቢብስ እንጂ አልቀነሰም። አልካደችውም። ተራ ጠባቂዎቹ እንዳይሰሟት ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች፣ «እግዚአብሔር ሆይ፣ አሁንም እቀናለሁ» አለች። «ግን ሰውየው ልጁን ሲያቅፍ አይቻለሁ። ለዚህ አመሰግንሃለሁ። ለሌላው ገና ነኝ፤ ስደርስበት እነግርሃለሁ።»

ቃሉ ደረቅ ይሁን እርጥብ ልትመረምረው አልቆመችም። ሰልፉ ረዝሟል፤ ከፊት የቆሙት አሮጊት ዕቃቸውን ይዘው እያዘመሙ ነው። ሚዛን በመስኮቱ እጇን አውጥታ ተቀበለቻቸውና ክዳኑ መግጠሙን አየች።

«ቁጭ ይበሉ እናቴ፣ አይቁሙብኝ» አለቻቸው። «ስምዎን ከዚያ ሆነው ይንገሩኝ።»